ፊልሞቻችንን ያለ ይሉኝታ ስንመዝናቸው

ሰው ወደ አፉ የሚያስገባውን ነገር አይቶ፣ አሽትቶና መርጦ ይበላል፤ በዓይኑና በጆሮው የሚገባውን ግን ሳይመርጥ ይውጠዋል። ሆድ የማይስማማውን ምግብ ቢያገኝ ወዲያው ታውኮ ይመልሰዋል። ልብ ግን የማይስማማውን ነገር ቶሎ አይመልስም፤ ውስጡ ሲያኖረው ከርሞ ከብዙ ጊዜ በኋላ በአነጋገርና በጠባይ ያወጣዋል። ስለዚህ ስለምናያቸው ፊልሞችና በቴሌቪዥን ስለሚቀርቡልን ተከታታይ ድራማዎች ጥቂት ቃል መናገር እንደ ትርፍ ነገር ሊቈጠር አይገባም።

ቀድሞ ፊልም የከተማ ሰው መዝናኛ ነበረ። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር የገጠር ሰው ፊልም የሚያየው ለገበያ ወይም ለሙግት ከተማ በገባ ቀን፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ቪዲዮ ቤት ቢገባ ብቻ ነበረ። ዛሬ ግን በገበዝ ማርያም ዙሪያ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከተማ በወጣ ጊዜ ፊልሙን በሚሞሪ አስጭኖ በኪሱ ይዞት ይዞራል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ከርመዋል። መምህሩ ዝም ባለበት ቦታ የሚናገረው ይህ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መስተዋት ሆነ። ልጁ ፍቅር ምን እንደሚመስል፣ ሀብት እንዴት እንደሚገኝ፣ የተቈጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከዚያ ይማራል። መምህር የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ መመርመር አለበት።

ስለ ፊልም የሚፈርዱ ሰዎች ዘወትር በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ጨርሶ የሚኰንነው ነው። ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ዘመን በአዲስ አበባ ለተከፈተው ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበረ፤ የዚህ ስም መንፈስ እስከ ዛሬ ድረስ ከአንዳንድ ሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የአገር ልጅ ሥራ ነውና ይመስገን እያለ ሁሉንም የሚያሞግስ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ረጅም ፊልም በተሠራበትና የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. ይህ ሁለተኛው አስተያየት ተገቢ ነበረ፤ ጀማሪን ማበረታታት ያስፈልጋልና። ከዚያ ወዲህ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። የስድሳ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን እየተደነቀ ሊኖር አይችልም። ደግሞም ሁሉን የሚኰንንና ሁሉን የሚያሞግስ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከመመርመር ድካም ያመለጡ ናቸውና።

እኔ ግን ፊልምን የምመዝንበት አንድ ሚዛን አለኝ። እርሱም፣ ይህ ፊልም ክፋትን የት አኖረው? የሚል ጥያቄ ነው። ክፋት የሌለበት ታሪክ የለም፤ ታሪክ የሚጀመረው አንድ ነገር ሲበላሽ ነውና። ዳሩ ግን ባለ ፊልሙ ክፋቱን የሚያኖርበት ቦታ ሦስት ዓይነት ነው።

1ኛ፤ ክፋትን ከተመልካቹ አርቆ፣ በሌላ አገር ወይም በሌላ ዓይነት ሰው ላይ ያኖረዋል። ተመልካቹም፣ እኔ እንዲህ አይደለሁም ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

2ኛ፤ ክፋትን ጥሩ ልብስ አልብሶ፣ ጥሩ አነጋገር አስተምሮ፣ ጌጥ አድርጎ ያኖረዋል። ተመልካቹም እየነቀፈ ይወደዋል።

3ኛ፤ ክፋትን ከተመልካቹ ቤት ውስጥ፣ በልማዱና እንዲያውም በፍቅሩ ውስጥ ያሳየዋል። ይህ የሚያምም ነው፤ የሚያርመውም ይኸው ብቻ ነው።

በዚህ ሚዛን አንዳንድ የታወቁ ሥራዎችን እንመልከት።

በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው «ሰው ለሰው» የተባለው ድራማ እንዴት ያለ ፍቅር እንዳገኘ የማያስታውስ የለም። በዚያ ድራማ አስናቀ የሚባለውን ሰው ሆኖ የተጫወተው አበበ ባልቻ ሥራውን እጅግ አሳምሮ ሠርቷል፤ ስለ ችሎታው የምነቅፈው የለኝም። ነገር ግን አስናቀ ክፉ ሰው ሆኖ ሳለ በየሻይ ቤቱ የወጣቶች ምሳሌ ሆነ። አንድ ጐልማሳ በንግድ ወይም በነገር ሌላውን ያታለለ እንደሆነ፣ አስናቀ ነው ይሉት ነበረ፤ እርሱም እንደ ተመሰገነ ሰው ፈገግ ይል ነበረ። ይህ የሆነው ስለምንድን ነው? እንደኔ አሳብ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም። በዚህም ሆነ በብዙ ድራማዎቻችን ክፉው ያስባል፣ ያቅዳል፣ ይናገራል፤ ደጉ ግን ያለቅሳል፣ ይጠብቃል፣ ይታለላል። ደግ ሰው ሁሉ የሚያለቅስ፣ ክፉ ሰው ሁሉ የሚያስብ ሆኖ ከተሣለ፣ ጤናማ አእምሮ ያለው ወጣት ማልቀስን ትቶ ማሰብን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል? ክፉው በመጨረሻው ክፍል ቢቀጣም ትምህርት አይሆንም። ለዓመታት ሲያምር የታየ ሰው በአንድ ምሽት ቅጣት አይጠላም። ስለዚህ ደራሲዎቻችን ክፉውን ከማደኽየት ይልቅ ደጉን ብልኅ አድርገው ቢሥሉት ይሻላል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ጀምሮ «ጥቁር ፍቅር»ንና «ኩዚ ጉኒ»ን የመሳሰሉ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በጀመረ ጊዜ ብዙ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰሙ። ባህላችን ይጠፋል፣ ባለሙያውም ሥራ ያጣል አሉ። ስለ ሥራው የተናገሩት እውነት አለበት፤ ስለ ባህል የተናገሩት ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሕዝቡ ወደዚያ የሄደው የባዕድ አገር ነገር ስለ ናፈቀው ብቻ አይደለም። «ኩዚ ጉኒ» ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ነው፤ አንዱ ወንድም በሠራው ጥፋት ሌላው በፈቃዱ ይታሰርለታል፤ ከዚያም በኋላ ያ ውለታና ያ በደል በአንድ ቤት ውስጥ ሲታመስ ይኖራል። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ የተደበቀ ጥፋት፣ ይህ ሁሉ የእኛም ቤት ነገር ነው። ቱርኮቹ ክፋትን ከቤታቸው ውስጥ አኑረው ሲያሳዩ፣ እኛ ግን ቤቱ የሌላ ሰው ስለሆነ ሳንታመም አየነው። በዚያ ላይ በባሕር ዳርቻ ያለው ትልቅ ቤት፣ መኪናውና ልብሱ ዓይን ይስባል። የአዛባ ምድጃ የምታነድ ልጅ ያንን ቤት ማታ ማታ ስታይ ከርማ፣ ጠዋት የእናቷን ጎጆ ብትንቅ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ ነውን? የባዕድ ድራማ ትልቁ ጉዳት ይህ ይመስለኛል። የሚጐዳን የሚነግረን ታሪክ አይደለም፤ ከታሪኩ ጋር አብሮ የሚገባው ያልተነገረ ምኞት ነው።

ወደ ራሳችን ፊልሞች ስንመለስ፣ አስቂኝ ተብለው ከሚሠሩት ብዙዎቹ በባላገር ላይ የሚሥቁ ናቸው። ሱሪውን እስከ ጕልበቱ የቈረጠ፣ ዱላውን በትከሻው ያጋደመ፣ አነጋገሩ የጎጃም የሆነ ሰው አዲስ አበባ ይገባል፤ መኪና ያስደነግጠዋል፣ ሌባ ያታልለዋል፣ ተመልካቹም ይሥቃል። ሣቅ ደግ ነገር ነው፤ ባላገርም በራሱ መሣቅ ያውቅበታል። ነገር ግን ይህ ሰው በእውነተኛው ሕይወት ማን ነው? በአዲስ አበባ መንገድ ሎተሪ የሚያዞረው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ድንጋይ የሚሸከመው፣ ያገኘውንም ቈጥቦ ወደ ወላጆቹ የሚልከው የእኛ ልጅ ነው። የከተማው ሰው ሞኝነትን ሁሉ በእርሱ ላይ ጭኖ ሲያበቃ ራሱን ብልኅ አድርጎ ይቈጥራል። ይህ ከላይ ከተናገርሁት ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። ልዩነቱ እዚህ የሚርቀው ክፋት ሳይሆን ሞኝነት መሆኑ ብቻ ነው። ለቀልድ ሠሪዎቹ የምመክራቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ባላገሩ ከተሜውን ሲታዘበው ያሳዩን፤ ሣቁ አይቀንስም፣ እንዲያውም ይበዛል።

በውጭ አገር ስማቸው ከተጠራው ፊልሞቻችን መካከል የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. በካን ከተማ የፊልም በዓል በይፋ ተመርጦ ከታዩት አንዱ ሆነ፤ እዚያ ደረጃ ላይ ለመድረስም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከአንዲት በግ ጋር በዘመድ ቤት ይቀመጣል። አጎቱ በጊቱ ለበዓል እንድትታረድ ይፈልጋል፤ ልጁ ወጥ መሥራት መውደዱንም እንደ ነውር ያየዋል። የዚህ ፊልም ትልቁ መልካምነት አጎቱን አውሬ አድርጎ አለማሳየቱ ነው። አጎትየው በድኅነቱ ላይ ሌላ ጕሮሮ የተጨመረበት፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚያድገው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እናውቀዋለን፤ ብዙ ጊዜም እኛው ነን። የምነቅፈው አንድ ነገር ግን አለ። ተራራውና ሜዳው እጅግ አምሮ ስለተነሣ አንዳንድ ጊዜ ዓይናችን በውበቱ ሲጠግብ የልጁን ራብ እንረሳዋለን። ገበሬ ተራራን እንዲህ አያየውም፤ ዳገቱን በጕልበቱ፣ ዝናሙን በዘሩ ይለካዋል። ያ አመለካከት የእንግዳ ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ተሸልሟል። አንበርብር የሚባለው ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ የደርግን ዘመን ክፉ ሥራ አይቶ፣ አካሉ ጐድሎ በጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ወደ እናቱ ይመለሳል። ፊልሙ ለማየት ይከብዳል፤ ጊዜው ወዲያና ወዲህ ስለሚዘል ያልለመደ ተመልካች ይደናገራል፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ነገር ግን ክፋትን ያኖረበት ቦታ ትክክል ነው። ክፉ ሥራ የሚሠራው ከሰማይ በወረደ ጠላት አይደለም፤ አገራችንን እናድናለን ብለው በተማማሉት በተማሩት ወንድማማቾች መካከል ነው። ልጆቻቸውን ለጦርነት እንዳይወሰዱባቸው በዋሻ የሚሸሽጉት እናቶችም በዚያ ፊልም ይታያሉ። ይህን በዛሬ ጊዜ በአማራ ክልል የሚያይ ሰው ያለፈ ታሪክ ነው ብሎ ሊቀመጥ አይችልም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልናገርበት ወደምፈልገው ፊልም ደርሻለሁ፤ እርሱም የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት» ነው። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ በእውነተኛ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። የዐሥራ አራት ዓመቷን ልጅ ሂሩትን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ እርሷም የደፈራትን ሰው በጠመንጃ ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ተከራክራ ነፃ ታወጣታለች። ፊልሙ የሚያስመሰግን ነው። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ የማይሰሙ ደንቆሮዎች አድርጎ አላቀረባቸውም። ሕጉን በሚመለከትም የተናገረው ከባድ እውነት ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት የሚድንበትን በር ትቶለት ነበረ፤ ያ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ታዲያ የምነቅፈው ምንድን ነው? ይህን ፊልም በእኛ አካባቢ ያዩ ሰዎች አዝነዋል፣ ተቈጥተዋል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ፣ ይህ የሌላ አገር ልማድ ነው፤ እኛ ሴት ልጅ በፈረስ አንጠልፍም፣ በሽማግሌ ተጠይቀን እንድራለን እንጂ፣ ብለው በሰላም ተኝተዋል። የእኛ ኃጢአት ግን እዚህ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ሴት ልጅን ከትምህርቷ የሚያወጣት ፈረሰኛ አይደለም፤ አባቷ ነው። የሚወዳት፣ ጫማ የገዛላት፣ ስትታመም በጀርባው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደረሳት አባቷ፣ ሳልሞት ልዳራት፣ ስሟ ሳይጠፋ ክብሯን ልይ ብሎ በልጅነቷ ይድራታል። ጠላ ይጠመቃል፣ ዳስ ይጣላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ጠመንጃ አላነሣም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ጋብቻ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች እንዳይሆን ደንግገዋል፤ ዕድሜዋ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው ያው የሚወዳት አባት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ ጠላፊ የለበትም፣ ክፉ ሰው የለበትም፣ ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ልጅቱ ግን ትጐዳለች። ያን ፊልም ያየ አባት፣ ይህ የሌላ አገር ነገር ነው ብሎ መተኛት አይችልም። «ድፍረት» ፈረሰኛውን አስጠልቶናል፤ ደጉን አባት የሚያስደነግጥ ፊልም ግን ያስፈልገናል። ደግሞም በ«ድፍረት» መዳን የሚመጣው ከከተማ በመኪና ነው። በእውነቱ ዓለም ግን በየመንደሩ ለልጅቱ የሚከራከሩ አክስቶች፣ እናቶችና መምህራን አሉ፤ በብዙ ፊልሞቻችን ግን እነርሱ ድምፅ የላቸውም።

ከዚህ ጋር የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ባነሣ ደስ ይለኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 የወጣ ፊልም ነው። የቀድሞውን የሙግት ሥርዓት ያሳያል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቈራኝተው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይላቀቁም። አንዲቱን ሴት የሚሹ ሁለት ሰዎች እንዲህ ታስረው ሲጓዙ ማየት ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ጠላትህን ልታርቀው አትችልም፤ እርሱ ሲደናቀፍ አንተም ትወድቃለህ፤ እርሱ ሲጠማ አንተም ትቆማለህ። ክፋትን አርቆ ማኖር ከቶ የማይቻልበት ሥርዓት ነበረ። ፊልሙ አማርኛውን አክብሮ ይናገራል፤ የቅኔን አገር ሰው አያሳፍርም። ነቀፌታዬ ሴቲቱ የሙግቱ ምክንያት ሆና ሳለች፣ ሙግቱን የምትናገርበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው።

ምናልባት፣ አንተ የምትለው ዓይነት ታሪክ ሰውን አያስደስትም፤ ሰው የሚጠላውን ክፉ ሰው ይፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ከደጃችን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲነበብ አገሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ያዳምጥ ነበረ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ክፋቱ የት ነው ያለው? ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ በምናገኛት በማንኩሳ የሚኖሩት የበዛብህ ወላጆች ለልጃቸው ስለት ተሳሉለት፤ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፣ ሕይወቱንም በዚያ ስለት አሰሩት። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ይወዷታል፤ ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉም ዕድሜዋን ያሳልፉባታል። ሁለቱም ልጆች የተጐዱት በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው። ሰውም ይህን ሰምቶ አልሰለቸም፤ አለቀሰ፣ ራሱንም መረመረ። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ወደ ሥዕል ለሚመልሱት ባለሙያዎች ሁሉ የምላቸው አንድ ነገር ነው። ልብሱንና ጐራዴውን ለማሳመር ከምትደክሙት ይልቅ የፊታውራሪን ፍቅር ለማሳየት ድከሙ። ፊታውራሪን አስጠልታችሁ ካሳያችኋቸው ታሪኩ የድሮ ዘመን መሳፍንት ታሪክ ሆኖ ይቀራል፤ እንደሚወድ አባት ካሳያችኋቸው ግን የዛሬ አባት ሁሉ በእርሳቸው ፊቱን ያያል።

ተመልካችም የራሱ ሥራ አለበት። ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ማን ደስ አለህ ብሎ ልጁን መጠየቅ በቂ አይደለም፤ በዚህ ታሪክ የተጐዳው ማን ነው፣ የጐዳውስ ማን ነው፣ እኛስ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለን? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማታ ከእራት በኋላ ይህን ሦስት ጥያቄ የሚጠይቅ አባት፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ጥቂት መምህር ሆነ ማለት ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አስቀድሞ ለራሱ መመለስ አለበት፤ ልጆች ጥያቄውን መልሰው የሚጠይቁበት ጊዜ ይመጣልና።